የሌዎናርድ ኦይለር ታሪክና የአንድ ታላቅ ቁጥር ነገር



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት ሆኖ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ እኛም የሒሳብ ትምህርት ወዳጆች የበኩላችንን እንድናበረክት በተጠየቅን ጊዜ፥ ስለ ማን እንጻፍ ብለን ብዙ ተከራከርን። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ጀግኖች የሚጽፍ መቼም አይጠፋም። ነገር ግን ሰይፍ ሳይዝ፥ አገር ሳይገዛ፥ በመጨረሻም ብርሃነ ዓይኑን አጥቶ ሳለ በአሳቡ ብቻ ዓለምን የጠቀመ ሰው ታሪክ ቢነገር ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ ይስማማናል ብለን ሌዎናርድ ኦይለርን መረጥን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ይህን ሰው እንድንመርጥ ያደረገን አንድ ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት የሒሳብ መምህራችን ወደ ክፍል ገብተው ምንም ሳይናገሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ቁጥሮች ጻፉ፤ እነርሱም 3፥ 5፥ 17፥ 257ና 65,537 ናቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው። 2ን በራሱ ብናባዛው 4፥ 4ን በራሱ ብናባዛው 16፥ 16ን በራሱ ብናባዛው 256፥ 256ን በራሱ ብናባዛው 65,536 ይሆናል። ከዚያም ከ2 ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ 1 ብንጨምር እነዚያን አምስት ቁጥሮች እናገኛለን። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይህም ማለት ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ሌላ ቁጥር የለም ማለት ነው።

መምህራችን ቀጥለው ስድስተኛውን ጻፉ። 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት 4,294,967,297 ይሆናል። ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው ጠየቁን። እኛም አምስቱ ብቸኛ ከሆኑ ስድስተኛውም እንደ ወንድሞቹ ነው ብለን በአንድ ቃል መለስን። እርሳቸው ግን ተሳስታችኋልም ልክ ናችሁም ሳይሉ እስቲ ሞክሩት ብለው ወጡ።

ከመካከላችን አሥራ ሁለት ሆነን ከ1,000 በታች ያሉትን 168 ብቸኛ ቁጥሮች ለእያንዳንዳችን 14 እየደረሰን ተካፈልንና ሁለት ቀን ሙሉ ስናካፍል ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን አንድም አካፋይ አላገኘንም ስንል ለመምህራችን በኩራት አስረዳን። እርሳቸውም ወረቀቶቻችንን አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ አንዱን ወረቀት ለባለቤቱ መልሰው እንደገና እንዲሠራው አዘዙት። ያም ጓደኛችን በመቀነስ ላይ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ኖሮ፥ ቀሪ የሌለውን ቀሪ አለው ብሎ ጽፎ ነበር። እንደገና ቢያካፍለው ልክ ወጣለት። ያ አካፋይ 641 ነው። እኛ በዚያን ቀን ሁለት ነገር ተማርን፤ አንደኛው ብዙ ምሳሌ ማስረጃ እንዳልሆነ፥ ሁለተኛውም ሠርተነዋል ማለት መርምረነዋል ማለት እንዳልሆነ ነው። ይህንን ቁጥር በዓለም መጀመሪያ የፈታው ሰው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ኦይለር መሆኑ ተነገረን። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ ታሪኩን ፈልገን ያገኘነውን እነሆ አቅርበናል።

ሌዎናርድ ኦይለር በ1707 ዓ.ም. አፕሪል 15 ቀን በስዊስ አገር ባዝል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጳውሎስ ኦይለር የፕሮቴስታንት ቄስ ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ለከተማዪቱ ቅርብ ወደሆነችው ወደ ሪኸን መንደር ተዛወረና እዚያ አደገ። አባቱ በወጣትነቱ ያዕቆብ በርኑሊ ከተባለው የሒሳብ ሊቅ ተምሮ ስለነበረ፥ የመጀመሪያውን የሒሳብ ትምህርት ለልጁ ራሱ አስተማረው። ይሁን እንጂ አሳቡ ልጁ እንደ እርሱ ቄስ እንዲሆንለት ነበር እንጂ የቁጥር ሰው እንዲሆን አልነበረም።

ኦይለር በ1720 ዓ.ም. በ13 ዓመቱ ወደ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የያዕቆብ ወንድም ዮሐንስ በርኑሊ መምህር ነበር። ይህ ሰው በዘመኑ ከነበሩት የኤውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት ከታላላቆቹ አንዱ ስለነበረ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ከባድ ከባድ መጻሕፍት እየመረጠ ለብቻው እንዲያነብ አዘዘውና፥ ያልገባውን ነገር ለመጠየቅ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ እንዲመጣ ፈቀደለት። ልጁም በሳምንቱ ውስጥ ራሱ ሊፈታው የሚችለውን ሁሉ ይፈታና ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄ ጥቂት እንዲሆን ይጥር ነበር። ይህን የመሰለ የትምህርት ዘዴ ለእኛም ምሳሌ ሊሆነን ይገባል። በርኑሊ የልጁን ተሰጥኦ ባየ ጊዜ አባቱን አማከረው፤ አባትዮውም ምንም እንኳ ቢከብደው የራሱን ምኞት ትቶ ልጁ በተፈጠረበት መንገድ እንዲሄድ ፈቀደለት።

በ1727 ዓ.ም. በባዝል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርነት ቦታ ተለቀቀና ኦይለርም አመለከተ፤ ነገር ግን ዕድሜው ገና 19 ስለነበረ አልተመረጠም። በአገሩ የተዘጋበት በር በሌላ አገር ተከፈተለት። የመስኮብ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ባቀደው መሠረት በፒተርስበርግ ከተማ የሳይንስ አካዳሚ ተቋቁሞ ነበርና፥ አስቀድሞ ወደዚያ የሄደው የበርኑሊ ልጅ ዳንኤል ለወዳጁ ሥራ አፈላለገለት። ኦይለርም በጀልባ፥ በሠረገላና በመርከብ ተጉዞ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ፒተርስበርግ ገባ። ከዚያች ቀን በኋላ የተወለደባትን አገር ተመልሶ አላያትም።

በአካዳሚው ውስጥ ፍሬው ቶሎ ታየ። በ1730 ዓ.ም. የፊዚክስ ፕሮፌሰር፥ በ1733 ዓ.ም. ደግሞ ዳንኤል በርኑሊ ወደ አገሩ ሲመለስ በእርሱ ፈንታ የሒሳብ ክፍል አለቃ ሆነ። በ1734 ዓ.ም. የሠዓሊ ልጅ የሆነችውን ካታሪና ግዜልን አገባ። አሥራ ሦስት ልጆች ቢወልዱም ከሕፃንነት አልፈው ያደጉት አምስቱ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ስምንቱን በሕፃንነታቸው ቀብሯል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ፒየር ደ ፌርማ የተባለ ሰው ነበር። ሥራው ዳኝነት ሲሆን ሒሳብን የሚሠራው ግን በትርፍ ጊዜው ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ቁጥር ጠባይ ባወቀው ነገር በዘመኑ የሚወዳደረው አልነበረም። ፌርማ በ1640 ዓ.ም. ለወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤ፥ መምህራችን በሰሌዳ ላይ በጻፉልን ዓይነት የሚሠሩት ቁጥሮች ሁሉ እስከ ዘለዓለም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገለጸ፤ ማረጋገጫው ግን በእጁ እንዳልነበረ ራሱ አልሸሸገም። ስሙ ታላቅ ስለነበረ ቃሉን የሚያፈርስ ሳይገኝ ከ90 ዓመት በላይ አለፈ።

በ1729 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ክርስቲያን ጎልድባክ የሚባል የአካዳሚው ሰው ለኦይለር ደብዳቤ ጽፎ ይህን የፌርማን አሳብ አውቆት እንደሆነ ጠየቀው። ወጣቱ ሊቅ በመጀመሪያ ነገሩን ብዙም ልብ አላለውም ነበር፤ ጎልድባክ ግን ደጋግሞ ወተወተው። በመጨረሻ ኦይለር የፌርማን ጽሑፎች ማንበብ ጀመረና ከዚያ ወዲያ የቁጥር ጥናት ፍቅር እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። በ1732 ዓ.ም. ዕድሜው 25 ሲሆን 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነና 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው ለአካዳሚው አስታወቀ። የቀረው ድርሻ 6,700,417 ነው። ወላጆቻችን ልጆቻችሁን ብትጠይቁ በብዜት ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። 6,700,417ን በ600 ብናባዛ 4,020,250,200 ይሆናል፤ በ40 ብናባዛ 268,016,680 ይሆናል፤ በ1 ያው ራሱ ነው። ሦስቱን ብንደምር 4,294,967,297 ይሆናል።

አንድ ሰው ይህን ያህል ቁጥር በእጁ እያካፈለ እንዴት አካፋዩን ሊያገኝ ቻለ? አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ የማይበልጠውን ብቸኛ ቁጥር ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል። ለዚህኛው ቁጥር እስከ 65,536 ድረስ መሄድ ግድ ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮችም 6,542 ናቸው። በቀን አሥር ማካፈል ብንሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ እንቆያለን ማለት ነው። ኦይለር ግን እንዲህ አልደከመም፤ አስቀድሞ አሰበ እንጂ።

የአሳቡ አካሄድ የሚከተለው ነው። ቁጥራችንን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። 2ን፥ 4ን፥ 8ን፥ 16ን እያልን እያንዳንዱን በዚያ አካፋይ ብናካፍል የሚተርፉት ቀሪዎች እንደ መንኰራኩር ይዞራሉ፤ ማለት አንድ ጊዜ ቀሪው 1 ይሆንና ከዚያ በኋላ የፊተኞቹ ቀሪዎች በተራቸው ይደጋገማሉ። የእኛ ቁጥር 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ የ32 ሁለቶች ብዜት አካፋዩን ለመሙላት 1 ይጎድለዋል። ይህን እንደ አንድ ብር ዕዳ ብንቆጥረው፥ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ትርፍ ይሆናልና የ64 ሁለቶች ብዜት ቀሪው 1 ይሆናል። ስለዚህ መንኰራኩሩ አንድ ዙር የሚሞላው ልክ በ64 ነው፤ ከዚያ ያነሰ ዙር ቢኖረው ኖሮ በ32ኛው ላይ ቀሪው 1 መሆን ነበረበትና።

እንግዲህ ፌርማ ራሱ በዚያው በ1640 ዓ.ም. ያገኘው አንድ ሕግ አለ። ከ2 በቀር ማንኛውንም ብቸኛ ቁጥር ብንወስድ፥ ከዚያ ቁጥር አንድ ባነሰ ብዛት ሁለቶችን አባዝተን በቁጥሩ ብናካፍል ሁልጊዜ ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር መንኰራኩሩን ሙሉ ዙር እያዞረ የሚጨርስ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት በ64 የሚካፈል ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው አካፋይ 64 ወይም የ64 ብዜት ሆኖ 1 የተጨመረበት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ሥራው ምን ያህል እንደቀለለ ተመልከቱ። በዚህ መንገድ የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ አሥር ቁጥሮች 65፥ 129፥ 193፥ 257፥ 321፥ 385፥ 449፥ 513፥ 577ና 641 ናቸው። ከእነዚህ 65፥ 129፥ 321፥ 385ና 513 ብቸኛ ስላልሆኑ ይወጣሉ። የሚቀሩት 193፥ 257፥ 449፥ 577ና 641 ናቸው። አራቱ አያካፍሉም፤ አምስተኛው ያካፍላል። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን ሁለት ቀን የደከምንበትን፥ ይህን የሚያውቅ ሰው በአምስት ማካፈል ይጨርሰዋል። ኦይለር በ1732 ዓ.ም. ውጤቱን ብቻ አስታውቆ፥ የዚህን መንገድ ማረጋገጫ በ1747 ዓ.ም. ለሊቃውንቱ ባቀረበው ሌላ ጽሑፍ ገልጿል።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀን ነገር፥ የፌርማን ግምት ያፈረሰው የፌርማ የራሱ ሕግ መሆኑ ነው። መሣሪያው በእጁ ነበር፤ አምስቱ ምሳሌዎች አሳምነውት ስለነበረ ግን በስድስተኛው ላይ ሳያነሣው ቀረ። እኛም አምስቱን አይተን ስድስተኛውን እንደፈረድን፥ ያ ታላቅ ሊቅ እንዲሁ አድርጎ ነበር። ልዩነቱ እርሱ ማረጋገጫ የለኝም ብሎ መናገሩ፥ እኛ ደግሞ ይህን ሳንናገር መቅረታችን ነው።

በኋላ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት የ641ን ነገር ይበልጥ አሳጥረው ማካፈል እንኳ ሳያስፈልግ እንዲታይ አድርገውታል። 641 ማለት 625ና 16 ሲደመሩ ነው፤ ደግሞም 640ና 1 ሲደመሩ ነው። 640 የ5ና የ128 ብዜት ነው። ስለዚህ በ641 ስናካፍል 640 የ1 ዕዳ አለበት። 640ን አራት ጊዜ ወስደን ብናባዛው ዕዳው ተቃንቶ ቀሪው 1 ይሆናል። ነገር ግን አራት 5ቶች ሲባዙ 625 ናቸው፤ አራት 128ቶች ሲባዙም 28 ሁለቶች ናቸው። 625 ደግሞ ከ641 የ16 ዕዳ አለበት፤ 16ም አራት ሁለቶች ናቸው። እንግዲህ 28ና 4 ተደምሮ የ32 ሁለቶች ብዜት በዕዳ ሲቆጠር ቀሪው 1 ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ብዜት ላይ 1 ሲጨመር ምንም ቀሪ አይኖርም። ተማሪ ሁሉ ይህን በወረቀት ላይ ቀስ ብሎ ቢሞክረው ደስ ይለዋል።

ወደ ሕይወት ታሪኩ እንመለስ። ኦይለር በ1738 ዓ.ም. ከታመመ በኋላ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። በ1741 ዓ.ም. በመስኮብ አገር የመንግሥት ሁከት በበረታ ጊዜ፥ የፕሩስያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ስለጠራው ወደ በርሊን ሄዶ 25 ዓመት ሠራ። በዚያም ስለ ሒሳብ፥ ስለ ከዋክብት፥ ስለ መርከብ አሠራር፥ ስለ መድፍ ጥይት አካሄድና ስለ ብርሃን ብዙ ጻፈ። አንዲት የጀርመን ልዕልትን ለማስተማር ብሎ ከ1760 እስከ 1762 ዓ.ም. የጻፋቸው 234 ደብዳቤዎች ኋላ መጽሐፍ ሆነው ታትመው በብዙ ቋንቋ ተተርጉመዋል። ንጉሡ ግን በንግግር ጨዋታ የሚያስደስቱትን ፈላስፎች ይመርጥ ነበርና ዝምተኛውንና ሃይማኖተኛውን ኦይለርን ከልቡ አልወደደውም፤ በአንድ ዓይንነቱም ያሾፍበት ነበር። ስለዚህ በ1766 ዓ.ም. ንግሥት ካትሪን ሁለተኛ በጠራችው ጊዜ ወደ ፒተርስበርግ ተመለሰ።

እንደተመለሰ የቀረችው ዓይኑም በሞራ ተሸፈነች። በ1771 ዓ.ም. ሐኪም ቆርጦለት ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ካየ በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ፈጽሞ ታወረ ለማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በከተማዪቱ ላይ ታላቅ እሳት ተነሥቶ ቤቱ ተቃጠለ። እርሱም በእሳቱ መካከል ምንም ሳያይ ቀርቶ ሳለ፥ የአገሩ ልጅ የሆነ ጴጥሮስ ግሪም የተባለ የባዝል የእጅ ሠራተኛ ነበልባሉን ጥሶ ገብቶ በትከሻው ተሸክሞ አወጣው። ከጽሑፎቹም አብዛኞቹ ዳኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1773 ዓ.ም. የ40 ዓመት ገደማ ጓደኛው የነበረችው ሚስቱ ሞተች።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ሁሉ በኋላ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር። ኦይለር ግን በቃል እያሰበ ለሚጽፉለት ሰዎች መናገር ጀመረ። ልጆቹና እንደ ኒኮላስ ፉስና እንደ ሌክሴል ያሉት ወጣቶች ረዱት። የአልጀብራ ትምህርት መጽሐፉን ያስጻፈው የልብስ ሰፊ ሙያ የተማረ ከዚያ በቀር ብዙ ትምህርት ላልነበረው አንድ ወጣት አገልጋይ ነበር፤ መጽሐፉ ሲያልቅ ጸሐፊው ራሱ አልጀብራ አውቆ ተገኘ ይባላል። ይህ መጽሐፍ በ1770 ዓ.ም. በጀርመንኛ ታትሞ ለብዙ ትውልድ መማሪያ ሆኗል። ከታወረ በኋላ ሥራው አልቀነሰም፤ እንዲያውም በ1775 ዓ.ም. በአማካይ በየሳምንቱ አንድ የሒሳብ ጽሑፍ ያህል ያወጣ ነበር።

በዚህ በጨለማው ዘመኑ ነው ሁለተኛውን ታላቅ ቁጥር የመረመረው። ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ዓ.ም. 31 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ጽፎ ነበር። የሜርሴን ዝርዝር ስሕተት ያለበት ስለነበረ ማመን አይቻልም ነበር። ኦይለር በ1772 ዓ.ም. የዚህ ቁጥር አካፋይ ቢኖር፥ በ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ብቻ መሆን እንዳለበት አሳየ። ከ46,341 በታች እንዲህ ያሉት ቁጥሮች 373 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ። የቀሩት ሁሉ ተሞክረው አንድም አላካፈለም። ስለዚህ 2,147,483,647 በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር ነው። በ25 ዓመቱ በታላቅ ሰው የታመነውን አፈረሰ፤ በ65 ዓመቱ ደግሞ በሌላ ሰው የተገመተውን አጸና። በሁለቱም ጊዜ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ መመርመር።

ይሁን እንጂ ኦይለርም ሰው ነውና ሳይሳሳት አልቀረም፤ ይህንንም ብንሸሽግ እውነትን የወደደውን ሰው መበደል ይሆንብናል። በ1769 ዓ.ም. ገደማ፥ አምስት ጊዜ በራሱ የተባዛ ቁጥር ለማግኘት እንዲሁ የተባዙ ቢያንስ አምስት ቁጥሮችን መደመር ያስፈልጋል፥ አራት አይበቁም ብሎ ገመተ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ይህ አሳብ ወደ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. ላንደርና ፓርኪን የተባሉ ሁለት ሰዎች በኮምፒዩተር ፈልገው አፈረሱት። 27፥ 84፥ 110ና 133 እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ ተጽፈው ሲባዙና ሲደመሩ 61,917,364,224 ይሆናሉ፤ ይህም 144 አምስት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። በፌርማ ላይ የደረሰው በኦይለርም ደረሰ። ቁጥር ለሰው ስም አያዳላም።

ኦይለር በ1783 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 18 ቀን ለልጅ ልጁ ሒሳብ ሲያስተምር ዋለ። በዚያን ዓመት በፈረንሳይ አገር በሙቅ አየር የሚበር ፊኛ ወደ ሰማይ ወጥቶ ነበርና ስለ አወጣጡ አሰላ። ከምሳ በኋላም ከጥቂት ዓመት በፊት ስለተገኘው ስለ ዩራኑስ አካሄድ ከረዳቶቹ ጋር ተነጋገረ። አመሻሹ ላይ በድንገት ደም በአንጎሉ ፈሰሰና በዚያው ሌሊት ዐረፈ። ዕድሜው 76 ነበር። ትቶት የሄደው ጽሑፍ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ የፒተርስበርግ አካዳሚ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ያህል ሲያትምለት ኖሯል። ኋላም የሥራዎቹ ዝርዝር ሲዘጋጅ 866 ሆኖ ተቈጠረ።

የዚያ ቁጥር ታሪክም በእርሱ አላበቃም። በ1796 ዓ.ም. ጋውስ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፥ አሥራ ሰባት እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጠ፤ ምክንያቱም 17 ከፌርማ ቁጥሮች አንዱ ስለሆነ ነው። ዛሬ በብርቱ ኮምፒዩተሮች እየተመረመረ፥ ከ4,294,967,297 ጀምሮ ተከታታይ 28 የፌርማ ቁጥሮች ሁሉም ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል። ፌርማ ሁሉም ብቸኛ ናቸው ያላቸው ቁጥሮች፥ ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ በስተቀር እስከ አሁን አንድም ብቸኛ አልተገኘባቸውም። ስለ ቀሩት ሁሉ እርግጠኛ የሆነ ማረጋገጫ የሰጠ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ኦይለር ያጸናው 2,147,483,647ም በኮምፒዩተር ሥራ ውስጥ በየዕለቱ የሚያገለግል ሆኗል፤ በ32 የኮምፒዩተር አኃዝ የሚጻፍ፥ ከዜሮ በላይም በታችም ሊሆን የሚችል ሙሉ ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ አይችልምና።

ውድ ጓደኞቻችን! ይህን ታሪክ የጻፍነው ኦይለርን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ እርሱ የእኛን ምስጋና አይፈልግም። እኛ ግን ከጎረቤታችን ደብተር መልስ መገልበጥ የሚቀናን፥ በመጽሐፍ የታተመውን ሁሉ ሳንመረምር የምንቀበል፥ አምስት ጊዜ የሆነው ስድስተኛም ይሆናል የምንል ነን። ይህ ጠባይ በፈተና ወረቀት ላይ ጥቂት ማርክ ያስጎድላል፤ ኋላ አድገን ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ስንሆን ግን በሰው ሕይወትና በአገር ሀብት ላይ ጉዳት ያመጣል። ድልድይ የሚሠራው ሰው አምስት ድልድዮች ስላልወደቁ ስድስተኛውን ሳያሰላ ቢሠራው ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው።

ለታላላቆች የሚገባቸውን ክብር እንስጥ፤ ኦይለርም የፌርማን ሥራ በአክብሮት አንብቦ ብዙ ያተረፈ ሰው ነው። ነገር ግን ታላቅን ማክበር ማለት ቃሉን ሳይመረምሩ መሸከም ማለት አይደለም። መምህራችን በዚያን ቀን መልሱን ነግረውን ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ ድረስ ረስተነው ነበር፤ ራሳችን ደክመን፥ ተሳስተን፥ እንደገና ስለሠራነው ግን 641ን እስከ እርጅናችን አንረሳውም። በመቀነስ የተሳሳተው ጓደኛችንም ዛሬ ከሁላችን ይልቅ በሥራው ጠንቃቃ ሆኗል።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት ማካፈልና ማባዛት የምንማር ሁሉ ነገ ሌላ ሰው ያላየውን አካፋይ የምናገኝ እንድንሆን ምኞታችን ነው። ለትምህርት ቤታችንም መልካም በዓል፥ ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።